የሃሎዊን ማግስት፤ ደራርቱ፣ መብ እና እኛ

ነገሩ የሁለት ቀን ነገር ነው። ቅዳሜ ጥቅምት 21 እና እሑድ ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 እና ኖቬምበር 1 ቀን 2009። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸውና እንዳትደናገሩ።) ቅዳሜው ሃሎዊን፣ እሑዱ ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶን ነበር። ሩጫ ሲባል እንቅልፍ የማይወስደን ሁለት ጓደኛሞች፣ ከዋሽንግተን ቻይናታውን በሚነሣው ርካሽ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ኒውዮርክ ወጣን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት «እኛ» የምንለው እነማንን እንደሆነ እንንገራችሁ። ሁለታችንም የካዛንችስ ልጆች ነን። አንድ ሜዳ ላይ የካልሲ ኳስ ተራግጠናል። ለቡሄ አንድ ቡድን ሆነን በየደጁ «ሆያ ሆዬ» ብለን ሙልሙላችንን ተካፍለናል። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ግን የአንዳችን ቤተሰብ «ኤርትራውያን ናችሁ» ተብሎ ወደ አስመራ ተላከ። በዚያ ጦርነት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያም ወደዚህ ቤታቸውን ጥለው ሄደዋል። እኛ ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል ሁለት ልጆች ነበርን፤ አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሥራ ላይ ተገናኘን። ተቃቀፍን፣ ሳቅን፣ ቡና ጠጣን። ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ 1998 ግን አናወራም። የሄደው አይናገርም፣ የቀረውም አይጠይቅም። ይህንን ያልተጻፈ ስምምነት ይዘን ነው እንግዲህ አውቶቡስ ውስጥ የገባነው። ደግሞ ፍርፍር ቋጥረን ነበር። ዴላዌር ላይ ክዳኑን ስንከፍተው አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየን!

መንገዱን ሙሉ የተከራከርነው ስለ ደራርቱ ቱሉ ነው። መቼም ይህችን ሴት ለአንባቢ ማስተዋወቅ ድፍረት ነው፤ ግን የታሪክ ጽሑፍ ነውና እንበለው። አርሲ በቆጂ ተወለደች። በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ውድድሩ እንዳለቀ ከነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሎምፒክ ርቃ ከ32 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት ወቅት ስለነበር፣ ያ ሥዕል ከወርቁ እኩል ዓለምን ዞሯል።

በ2000 ሲድኒ ላይ ደራርቱ ያንኑ ወርቅ ደገመችው። ይሄኛውን ሩጫ ሁለታችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ አንዳችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን አስመራ። ወሩ መስከረም ነበር። ተኩሱ የቆመው በሰኔ ነው፤ የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመው ደግሞ በታኅሣሥ። አዲስ አበባ ያለው ሰፈሩ በጩኸት ሲናወጥ አብሮ ጮኸ። አስመራ ያለው ደራርቱ ስትፈተለክ ሲያይ ልቡ ዘለለ፣ አፉ ግን ተዘጋ። ማን ፊት ይጩህ? የጎረቤቱ ልጅ ከግንባር ገና አልተመለሰም። ይህንን ታሪክ የሰማነው ያን ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ነው። ስምምነታችን የተጣሰው ኒው ጀርሲ አካባቢ መሆኑ ነው።

ማታ የታችኛው ማንሃተን ደርሰን በስድስተኛው አቬኑ ላይ ቆምን። የግሪንዊች ቪሌጅ የሃሎዊን ሰልፍ የሚያልፈው እዚያ ነው። ሃሎዊን ብዙዎቻችን በፊልም የምናውቀው በዓል ነው። ሥሩን የታሪክ ሰዎች ከጥንት ኬልቶች የመከር ማብቂያ በዓል ጋር ያያይዙታል፤ ስሙን ያገኘው ግን ከክርስትና ነው። ኖቬምበር 1 በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለሆነ፣ ሃሎዊን ማለት የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። ወደ አሜሪካ ይዘውት የገቡት በ19ኛው መቶ ዘመን የተሰደዱት አይሪሾችና ስኮትላንዶች ናቸው። በሀገራቸው ፊት እየቀረጹ መብራት የሚያኖሩት በሥራሥር ላይ ነበር፤ አሜሪካ ሲደርሱ ትልቅ ዱባ አገኙ። ስደተኛ ሁሌም እንዲህ ነው፤ በዓሉን ይዞ ይመጣል፣ ዕቃውን ካለበት ያገኛል። እኛስ ዋሽንግተን ላይ ችቦ ስናጣ ምን አደረግን?

የቪሌጁን ሰልፍ የጀመረው ራልፍ ሊ የሚባል አሻንጉሊትና ጭምብል ሠሪ ነው፤ በ1974፣ ለሰፈር ልጆች። እኛ ስንደርስ ሰልፉ የከተማው ሆኗል። ያን ዓመት ማይክል ጃክሰን ስለሞተ ማይክልን ያልመሰለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰው የፈለገውን ሆኖ ይውላል፤ ንጉሥ፣ አጽም፣ ዱባ። «አንተ ማነህ?» ብሎ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ከሁለታችን ወደ አስመራ የተላከው ይህንን አይቶ፣ «እኛን ግን የሆነውንም ያልሆነውንም ጠየቁን» አለ። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ሃርለም የምትኖር ዘመዳችን ቤት አደርን። በዚያ ሌሊት የአሜሪካ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ተመረቀልን። ጠዋት ላይ ግን ብርዱ! «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶቻችን ኒውዮርክን ቢያዩ አጥንቱን ሁለት ያደርጉት ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ማራቶኑ ጥቂት። የኒውዮርክ ማራቶን በ1970 ሲጀመር እንዲህ ዓለም የሚጎርፍበት አልነበረም። 127 ሰዎች ሴንትራል ፓርክ ውስጥ እየተሽከረከሩ ሮጡ፤ የጨረሱት 55 ብቻ ናቸው። ከፓርኩ ወጥቶ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች ማዳረስ የጀመረው በ1976 ነው። ከስታተን አይላንድ ይነሣል፣ ብሩክሊንንና ኩዊንስን ያቋርጣል፣ ማንሃተን ገብቶ ብሮንክስን ነክቶ ይመለስና ሴንትራል ፓርክ ያልቃል። ድሮ በኦክቶበር ይሮጥ ነበር፤ ከ1986 ጀምሮ ወደ ኖቬምበር ተዛወረና የሃሎዊን ጎረቤት ሆነ። ጉርብትናቸው የምር ነው። በ2001 ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰባት ሳምንት በኋላ ሁለቱም አልቀሩም፤ ሰልፉም ተካሄደ፣ ከአራት ቀን በኋላም ማራቶኑ ተሮጠ። ያን ማራቶን ያሸነፈው የኛው ተስፋዬ ጅፋር ነው፤ 2፡07፡43 የሮጠበት ሰዓት ለአሥር ዓመት የቦታው ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። በ2012 ደግሞ ሳንዲ የተባለው ማዕበል ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አስቀራቸው።

እስከዚያ እሑድ ድረስ ግን ኒውዮርክን ያሸነፈች ኢትዮጵያዊት ሴት አልነበረችም። ደራርቱ ራሷ በ2005 ሦስተኛ ወጥታለች። በ2009 ዕድሜዋ 37 ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ፓውላ ራድክሊፍ ነበር። እንግሊዛዊቷ በ2004፣ በ2007 እና በ2008 ኒውዮርክን አሸንፋለች፤ የዓለም ክብረ ወሰንም በእጇ ነበር። እውነቱን እንናገርና እኛም የሄድነው ደራርቱ ታሸንፋለች ብለን አይደለም። ልንሰናበታት ነው። «አንድ ጊዜ በአካል እንያት» ተባብለን።

አምስተኛው አቬኑ ላይ፣ ወደ ፓርኩ መግቢያ ሳይደርሱ ቆምን። ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው ስለሚነሡ ቀድመው መጡ። ከፊት ካሉት ጥቂት ሴቶች መካከል ደራርቱን ስናይ የሆነውን በደንብ አናስታውሰውም። የሚገርመው ግን ይሄ ነው፤ ከሁለታችን ይበልጥ የጮኸው አስመራ ያደገው ነበር። «አይዞሽ ደራርቱ! አይዞሽ እናቴ!» እያለ ከአጥሩ ጋር እየተገፋ ሮጠ። ሲድኒ ላይ የዋጠውን ጩኸት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እዚያ አወጣው።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የወንዶቹ መሪዎች መጡ። ከመካከላቸው ደረቱ ላይ «ዩኤስኤ» የሚል ማልያ የለበሰ አጠር ያለ ሰው ነበር። መብራህቶም ክፍለዝጊ፤ ዓለም ባጭሩ «መብ» የሚለው።

የመብ ታሪክ የኛም ታሪክ ነው። በ1975 አስመራ ተወለደ፤ አስመራ ያን ጊዜ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ነበረች፣ ጦርነቱም ነበር። ቤተሰቡ በጣሊያን አድርጎ በ1987 ሳን ዲዬጎ ገባ። ኤርትራ ነጻነቷን በይፋ ስታውጅ በ1993 እርሱ አሜሪካ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው በ1998 ነው። ልብ በሉ፤ ያቺው 1998! እርሱ አንድ ሀገር «የኛ ነህ» ሲለው፣ እኛን አንድ ሀገር «የኛ አይደላችሁም» እያለ ከመሐላችን አንዱን ያስወጣበት ዓመት ነው። በ2004 አቴንስ ላይ ለአሜሪካ የማራቶን ብር አመጣ። በ2007 የማጣሪያ ውድድር ላይ፣ እዚያው ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ ዳሌው ተሰብሮ «አበቃለት» ተብሎ ነበር።

መብ ሲደርስ አስመራ ያደገው ዝም አለ። ምን ብሎ ይጩህ? በየትኛው ባንዲራ? ያን ጊዜ ነው አዲስ አበባ የቀረው አፉን የከፈተው፤ «አጆኻ መብ! አጆኻ!» እያለ።

ትግርኛ አይችልም። የሚያውቃት ያቺን አንዲት ቃል ነው። ካዛንችስ ኳስ ስንጫወት ወድቀን ጉልበታችን ሲላጥ፣ የጓደኛው እናት ከደጅ ሆነው የሚሏት ቃል ናት። አይዞህ ማለት ነው። ጓደኛው ዘወር ብሎ አየው፤ ከዚያ ሁለታችንም እስኪሰነጠቅ ድምፅ ድረስ አብረን ጮኽን።

ጥቂት ቆይቶ ዘመዳችን ከቤት በቴሌቪዥን እያየች ደወለች። ደራርቱ ገባች፤ አንደኛ! በ2፡28፡52 ሩሲያዊቷን ሉድሚላ ፔትሮቫን በስምንት ሰከንድ ቀድማ። ፓውላ አራተኛ ወጣች። ፓውላ እግሯን አሟት ስትዘገይ ደራርቱ ወደ እርሷ ዞራ «ነይ፣ ነይ» እያለች ልታበረታታት መሞከሯን የሰማነው በኋላ ነው። ከባርሴሎናዋ ልጅ ይህ ሲያንስ ነው። ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ መብ በ2፡09፡15 ገባ፤ ከአልቤርቶ ሳላዛር የ1982 ድል ወዲህ ኒውዮርክን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ሆነ። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ፓርክ፣ በቆጂና አስመራ!

በማግስቱ አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ የመብ ድል የሚመስለውን ያህል የአሜሪካ ድል እንዳልሆነ ጻፈ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ጸሐፊው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። እኛ ግን ጽሑፉን ዋሽንግተን ሆነን ስናነብ አልገረመንም። ያቺን «የማን ነህ?» የምትባል ጥያቄ በልጅነታችን እናውቃታለን። ለመብ በሁለት ቀን ይቅርታ መጣለት። ለካዛንችስ ልጅ ይቅርታ ያለው ሰው እስካሁን የለም።

ይህንን ሁሉ ዛሬ ለምን እንጽፋለን? በ2018 የአዲስ አበባና የአስመራ ስልክ ሲከፈት፣ አውሮፕላን ሲጀመር፣ ሰው መንገድ ላይ ሲላቀስ ሁለታችንም አይተናል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንግሥታት በር ይከፍታሉ፣ መንግሥታት በር ይዘጋሉ። የስፖርት መዝገብም ከስም ፊት አንድ ሀገር ብቻ ይጽፋል፤ ሥራው ነው፣ አንፈርድበትም። ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው ግን መዝገብ አይሞላም። ለማን እንደሚጮህ የሚመርጠው ራሱ ነው።

ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ ፍርፍሩ አልቆ ነበር። ዴላዌር ስንደርስ አዲስ አበባ የቀረው፣ ከ11 ዓመት በኋላ፣ «ያን ቀን ሲወስዷችሁ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ዋሽንግተን እስክንገባ አልጨረስነውም።