የጠረጴዛ ልብስ ያህል የሰፋው የድምፅ መስጫ

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ሕዝብ የክፍለ ሀገሩን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1999 ዓ.ም. ለ21 መቀመጫዎች 264 እጩዎች ቀረቡ። የድምፅ መስጫው ወረቀት አንድ ሜትር ያህል ስለ ሰፋ «የጠረጴዛ ልብስ» ተባለ። ስሙ ያስቃል፤ ችግሩ ግን ከወረቀቱ ስፋት የጠለቀ ነበር። አንድ መቀመጫ በደንቡ ከጠቅላላው ድምፅ 22ኛውን እጅ፣ ማለትም 4.55 በመቶ ያህል ይጠይቃል። ይሁን እንጂ መራጩ ለአንድ ቡድን ብቻ ምልክት ካደረገ፣ ድምፁ ቀጥሎ ወደ ማን እንደሚዛወር የሚወሰነው ቡድኑ አስቀድሞ ባስመዘገበው ተራ ነበር። ሚስተር ማልኮም ጆንስ ከመጀመሪያው ድምፅ 0.2 በመቶ ብቻ አግኝተው ለወንበር የበቁት በዚሁ መንገድ ነው፤ የድምፅ ማዛወሪያው መንገድም በጊዜው ሕጋዊ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ምርጫ ጀምሮ ግን ድምፅ ወደ ሌላ ቡድን የሚያልፈው መራጩ ራሱ በቁጥር ሲያመለክት ብቻ ሆነ።