ናናን ከፀሐይ ያስጣለው ፈረቃ

እኛ አዲስ አበባ በሰኔ ጃኬት ፍለጋ ቁም ሣጥን ስንበረብር፣ ኦማን ውስጥ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሰኔ ወር ቁረያት በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሙቀቱ ሌሊቱን ጨምሮ 24 ሰዓት ሙሉ ከ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አልወረደም። ታዲያ እዚህ አገር ትኩስ ናና ቀጥፎ ሻይ ውስጥ መጨመር እንዴት ተቻለ?

አንደኛው መልስ ጥላ ነው። ገበሬው ከላይ ቴምር ይተክላል፤ ከሥሩ ሎሚና ሙዝ፤ ከሁሉም በታች የከብት መኖ፣ አትክልትና ቅጠላ ቅጠል። ቴምሩ ፀሐዩን ይሸከማል፣ ናናው በተረፈው ብርሃን ያድጋል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣውን ውሃ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለት ብቻ የሚያመጣው ቦይ «ፈለጅ» ይባላል፤ ሲበዛ «አፍላጅ»። ግዕዛችን ወንዙን «ፈለግ»፣ ሲበዛ «አፍላግ» ይላል። የአንድ ቤተሰብ ቃላት ናቸው! ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 አምስቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ 3,000 ገደማ የሚሆኑት ገና ይሠሩ ነበር። ውሃው የሚከፋፈለው በሰዓት ነው፦ በጥንቱ ልማድ ቀን በፀሐይ ጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት ይለካ ነበር።

ወጥ ቤቱም ሙቀቱን ያውቃል። ድንብላል ሲሞቀው ቶሎ አብቦ ወደ ፍሬ ይሄዳል፤ ስለዚህ ትኩስ ቅጠሉ የቀዝቃዛው ወቅት፣ ደረቅ ፍሬው የዓመቱ ሙሉ ነው። የትኩስ ቅጠል መዓዛ እሳት ላይ ቶሎ ስለሚተን፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨመራል። እናቶቻችን ኮሰረት አድርቀው ቅቤ ሲያነጥሩም የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ የአንድ ወቅትን መዓዛ ለሌላው ማሻገር።

ዛሬ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ እየወረደ ነው። ቦዩ ሲደርቅ ቴምሩ ይሄዳል፣ ከቴምሩ ጋር ጥላው፣ ከጥላው ጋር ናናው።

እኛ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ጤና አዳምና በሶብላ የምንተክል ልጆች ፈረቃን የምናውቀው እንደ እርግማን ነው። እዚያ ግን ፈረቃ ማለት የጎረቤትህን ሰዓት አለመንካት ነው። ያ ደንብ ባይኖር፣ ከቦዩ ራስ ያለው ሰው ውሃውን ጨርሶት፣ ከታች ያለው ናና ገና ድሮ በደረቀ ነበር።