የአስታማሚ ኤጀንሲዎች፦ አገልግሎታቸውና ውላቸው

ወላጅን መጦር የልጅ ግዴታ ነው። ባልም ሚስትም ሥራ በሚውሉበት የከተማ ኑሮ ግን ብዙ ቤተሰብ ከፊሉን ሸክም ለቅጥር ሰው ለመስጠት ይገደዳል። “አስታማሚ እናቀርባለን” የሚሉ ድርጅቶች የሚሰጡት አገልግሎት አንድ ዓይነት አይደለም። በመሆኑም ከመፈረም በፊት ለይቶ ማወቅ ይገባል።

አንደኛው አብሮ መዋል ነው። አረጋዊውን ማጫወት፣ ምግብ ማቅረብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ማድረስን ይጨምራል።

ሁለተኛው የአካል እንክብካቤ ነው። ገላ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ መፀዳጃ ቤት ማድረስና የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ሰው ገላው እንዳይቆስል በየጊዜው ማገላበጥ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሦስተኛው የሕክምና አገልግሎት ነው። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብና የሽንት ቱቦ መቀየር የነርስ ሥራ ነው፤ ስትሮክ የመታውን ሰው እጅና እግር ማሠራት ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይጠይቃል።

አራተኛው የማይድን ሕመም ላለበት ሰው የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ይታወቃል።

አገልግሎቱ የቀን፣ የአዳር ወይም ተቀምጦ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ እፎይ እንዲል ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚሰጥም አለ።

ጥንቃቄ የሚያሻው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ድንበር ነው። ከመጠን ያለፈ ኢንሱሊን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ መርፌ የምትወጋውን ሠራተኛ የሙያ ፈቃድ ማየት እንደ ጥርጣሬ ሊቆጠር አይገባም።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ “አሠሪው ማነው?” የሚል ነው። ኤጀንሲው አገናኝቶ ከሄደ አሠሪው ቤተሰቡ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ስላወጣ፣ ግንኙነቱ በዋናነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይገዛል። ኤጀንሲው ራሱ ቀጥሮ የሚልካት ከሆነ ግን አሠሪው እሱ ነው፤ ሠራተኛዋ በሥራዋ ላይ በጥፋቷ ለምታደርሰው ጉዳትም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2129 እና 2130 መሠረት ሊጠየቅ ይችላል። እናት ከአልጋ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ “እኛ አገናኝ ብቻ ነን” የሚል መልስ የሚመጣው ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ውሉ የሥራውን ዝርዝር፣ ሰዓቱን፣ ሠራተኛዋ ስትቀር ማን እንደሚተካት፣ ጉዳት ሲደርስ ማን እንደሚጠየቅ፣ የእሷን ደመወዝና የዕረፍት ቀንም በግልጽ ያስፍር። ሌሊቱን ሙሉ ስታስታምም ያደረች ሴት ቀኑንም እንድትደግም ከተደረገ፣ ጉዳቱ ለእሷም ለታማሚውም ነው።