ሳይዘመር የተከፈለበት ሆያ ሆዬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ ባለፈው ዓመት በደብረ ታቦር ዋዜማ በቡራዩ ጥቂት ሕፃናት ዱላቸውን ይዘው ከአንድ ግቢ ደጅ ቆሙ። አውራጁ አፉን ሳይከፍት ባለቤቱ በበሩ ክፍተት ብር አቀበሏቸው፤ ልጆቹም ሳይዘምሩ ወደ ቀጣዩ ደጅ አለፉ። ማንም አልተጣላም፤ በዓሉ ግን ከዚያ ቤት ሳይገባ ቀረ።

ይህ ለምን ያሳዝናል? ጌታችን በደብረ ታቦር ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ብርሃነ መለኮቱን ገልጧል (ማቴ. 17)። አባቶች እንደሚያስተምሩን፣ ብርሃኑ እንደ ቀን ስላበራ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ኅብስት ይዘው ፈለጓቸው። ነሐሴ 13 ቀን የምናበራው ችቦ የዚያ ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማው ድምፅ፣ ሙልሙሉም የእረኞቹ ኅብስት መታሰቢያ ነው።

በቤተ መቅደስ የሚሰማው ዜማ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ የወረስነው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ሆያ ሆዬ ግን የሕዝቡ ዜማ ነው። አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፤ ተቀባዮች ምድሩን በዱላ እየመቱ ይመልሳሉ፤ ሙልሙሉን ተቀብለውም ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ። የበዓሉን ደስታ ከመቅደሱ ወደ ጎረቤት ደጅ የሚያደርሰው እርሱ ነው።

እንዲህ ያለው ልማድ በሌላም አገር አለ። የኬልቄዶንን ጉባኤ በመቀበሏ የተለየችን የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን ልደትን እንደ እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን ታከብራለች። በዋዜማው ዘማሪዎች «አሊሎ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ፣ ምግብም ይቀበሉ ነበር፤ ቃሉ ከ«ሃሌ ሉያ» የመጣ ነው። የተለያዩ ድምፆች በአንድነት የሚስማሙበትን የጆርጂያ ዜማ ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሰው ልጅ ታላላቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ አውጆታል። በሶቪየት ዘመን ሃይማኖት ቢሳደድም አሊሎ አልጠፋም፤ ዛሬ በዋና ከተማዋ በትብሊሲ ምእመናን ለችግረኞች ስጦታ እየሰበሰቡ በአደባባይ ይዘምሩታል።

እኛንስ ማን አሳደደን? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከየአገሩ መጥተን፣ አጥር ለአጥር ተጠጋግተን፣ ሳንተዋወቅ የምንኖር ብዙዎች ነን። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ግጥሙን ከእናቶችና ከአባቶች ተማሩ፤ ምንም ባይሰጧችሁም ዘምራችሁ መርቁ፤ አፋን ኦሮሞ የሚነገርበትን ቤት በአፋን ኦሮሞ መርቁ። ወላጆች ሆይ፣ በሩን ክፈቱ፤ እስከ ፍጻሜው ስሙ፤ ከዚያም ስጡ። ብሩ ይደርሳል፤ ያልተዘመረው መዝሙር ግን ለልጆቻችን አይደርስም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።