አበበ ቢቂላ ስንት ፎቶ አለው?

አብዛኞቻችን ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ የምናውቀው ምስል አንድ ነው፤ ባዶ እግሩን በሮም ጎዳና ሲሮጥ። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ያው ፎቶ በየቻናሉ ይዞራል። ፎቶውን ማን እንዳነሳው፣ የመንገዱ ስንተኛ ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ሰሞኑን ደግሞ ቀለም የተቀባው እየመጣ ነው፤ ከየትኛው ኦሪጅናል እንደተሠራ አይታወቅም።

አንድ ፎቶ አፈ ታሪክ ይሠራል። የሕይወት ታሪክ የሚሠራው ግን ተሰብስቦ፣ በቅደም ተከተል የተቀመጠ ምስል ነው።

አሜሪካኖች ይህንን የተማሩት ከማስቲካና ከሲጋራ ፓኮ ነው። የቤዝቦል ተጫዋቾችን ፎቶ በትንንሽ ካርድ አትመው ከሸቀጡ ጋር ይሰጡ ነበር። ልጆች ከሁሉም መርጠው የአንዱን ተጫዋች ካርድ ከጀማሪነቱ እስከ ጡረታው ይሰበስባሉ። በጊዜው ነገሩ እንደ ቆሻሻ ነበር የሚታየው። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳትሞ ያልተሸጡለትን ካርዶች እ.ኤ.አ. በ1960 በጀልባ ጭኖ ውቅያኖስ ውስጥ እንደጣላቸው የኩባንያው ሰው ሲ በርገር ራሱ ይናገር ነበር። ከዚያው ሕትመት የሚኪ ማንትል አንድ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን የጄፈርሰን በርዲክ ታሪክ ነው። በኒውዮርክ ግዛት የሚኖር ተራ ሠራተኛ ነበር። በሕይወቱ ሙሉ የሰበሰበውን ካርድ ኒውዮርክ ለሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ፤ የቤዝቦሉ ብቻ ከ30,000 ይበልጣል። ዛሬ ተመራማሪ ከፍቶ የሚያየው መዝገብ ሆኗል።

እኛስ? የመሰብሰብ ታሪካችን ሩቅ አይደለም፤ የሚጀምረው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ሲያቋቁሙ ፓሪስ የታተሙት ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መልክና የይሁዳ አንበሳን ይዘው መጡ። ከቀደሙት ፖስታ ቤቶች አንዱ እንጦጦ ነበር፤ «እንጦጦ» የሚል ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ የውጭ ሰብሳቢዎች ዛሬም ያሳድዱታል። የእኛን ታሪክ በአልበም አስቀምጠው የቆዩልን ብዙ ጊዜ ባዕዳን ናቸው ማለት ነው።

አሁን የአበበን ምስሎች በሐሳብ እንደርድራቸው።

የመጀመሪያው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። መሽቶ ነበር፤ መንገዱን ወታደሮች በችቦ ያበሩታል። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ተለይቶ የወጣው ጣሊያን ከአክሱም ወስዶ ባቆመው ሐውልት አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ፈጣኑ ሰዓት። ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ አጥቶ አልነበረም። የቀረበለት ጫማ አልመቸውም፤ ያለ ጫማ መሮጥን ደግሞ ከአሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ጋር ተለማምዶታል። ውሳኔ ነበር።

ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ። እዚህ ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጓል። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር አልሞላውም። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፤ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው። «ባዶ እግሩን የሚሮጠው ድሀ አፍሪካዊ» የሚለውን ተረት ይህ ፎቶ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ሦስተኛው ሜክሲኮ፣ 1961 ዓ.ም.። እግሩ ታሞ ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በዚያው ዓመት የመኪና አደጋ ደረሰበት። አራተኛው ምስል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው፤ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ውስጥ በቀስት ሲወዳደር። እግሩ አልታዘዝ ሲል በእጁ የተወዳደረ ሰው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ከነዚህ አራት ምስሎች ሦስቱን ለልጆቻችን አናሳይም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው አራተኛው ነው፤ ድል ካለፈ በኋላ ሰው እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ።

ለምን ጠፉብን? አንዱ ምክንያት ፖለቲካ ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ሽልማቱን የሚቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነው። ከ1966 በኋላ የንጉሡ ፎቶ ከየግድግዳው ሲወርድ አብሯቸው የቆመውም ሰው አብሮ ወረደ። ሌላው ምክንያት ንቀት ነው። ቴምብርና ፖስት ካርድ መሰብሰብን የልጅ ጨዋታ ነው የምንለው። ሰብሳቢው ሲሞት ካርቶኑ ለልዋጭ ይሰጣል።

ዛሬም ያው እየሆነ ነው። ንጋት ላይ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መሐል የሚሮጡ ወጣቶችን ያያል። ከእነሱ አንዷ ነገ ዓለምን ታስደንቅ ይሆናል። የዛሬ ፎቶዋ ግን ያለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። አንድ አትሌት የሚወድ ሰው የዚያን አትሌት ምስል ብቻ ይሰብስብ፤ ቴምብሩን፣ የጋዜጣ ቁራጩን፣ የውድድር ቁጥሩን። ከጀርባው ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከማን እንዳገኘው በእርሳስ ይጻፍ። ሲሞላ ቅጂውን ለወመዘክር ወይም ለፖስታ ሙዚየም ያቅርብ። ተቋማቱም እንዲህ ያለውን ሰው በር ላይ ከማንገላታት ይልቅ ወንበር ስበው ይቀበሉት።

አያቶቻችሁ ቤት ከአልጋ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን ሳትጥሉት በፊት ክፈቱት።