ብርን የፈተኑ አባቶች፦ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የመለየት ትምህርት



ዛሬ ስለ ገንዘብ እንነጋገራለን፤ ስለ አሥራትና ስለ መባ ግን አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በእጃቸው የገባ ብር እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ እንዴት ይለዩ እንደ ነበር እናያለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ሁሉን እንድንፈትን ሲያዝዝ (1ኛ ተሰ. 5፥21) የተጠቀመበት «ዶኪማዞ» የተባለው የግሪክ ቃል፣ በዘመኑ ብርና ወርቅን እንዲሁም የተመታ ገንዘብን ለመፈተንም የሚነገር ቃል ነበር። ስለዚህ የገንዘብ ፈታኞችን ሥራ ማወቅ የሐዋርያውን ትእዛዝ ለመረዳት ይጠቅመናል።

የጎንደር መንገድና የንግሥቲቱ ብር

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ትግራይ፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ የድሮ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ ዳገት ነበር። በዚህ መንገድ ጨውና ጨርቅ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ በባርነት የተሸጠ ሰውም ሳይቀር ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ለትናንሽ ግብይት አሞሌ ጨው ያገለግላል። ለትልልቁ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ከሁሉ በላይ የምትፈለገው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለባት ብር ነበረች። ሕዝባችን «ማርትሬዛ»፣ «ጠገራ ብር» እያለ ይጠራታል።

ይህች ብር የምታስገርም ናት። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ከሞተች በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ግን ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ቀጠለ። ክብደቷ 28.07 ግራም ገደማ ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በፊቷ መሸፈኛ ያደረገች የንግሥቲቱ ምስል፣ በጀርባዋ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። በጠርዟ ዙሪያ ደግሞ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይነበባል፤ ትርጉሙም «ፍትሕና ምሕረት» ነው። ጽሑፉ በጠርዙ ላይ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌባ ከጠርዙ ጥቂት ብር ፍቆ ቢወስድ ፊደሉ አብሮ ይነሣና ስርቆቱ ይታወቃል።

ገበያተኛው ምን ያይ ነበር?

በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ደጋግመው የጻፉት ነገር አለ። ባላገሩ ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም። ያገላብጠዋል። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት የሉል ነጥቦች ተለይተው ይታዩ እንደሆነ ይመለከታል። በትከሻዋ ላይ ያለው ፈርጥ ጥርት ብሎ መውጣቱን ያያል። ከምስሉ ግርጌ ያሉትን ኤስ እና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላትም ይፈልጋል። እነዚህ ፊደላት ጉንትስቡርግ በምትባል ከተማ የገንዘብ መምቻ ቤት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ባላገሩ ይህን ታሪክ አያውቅም። ፊደላቱ መኖር እንዳለባቸው ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

አንጥረኛው ደግሞ ከዐይኑ ሌላ ጆሮና ሚዛን አለው። ጥሩ ብር ድንጋይ ላይ ሲጣል ጥርት ብሎ ያቃጭላል፤ እርሳስ የገባበት ድምፁ ይታፈናል። በሚዛንም ቢሆን አታላዩ ይቸገራል። መዳብና ቆርቆሮ ከብር ይቀልላሉ፣ እርሳስ ይከብዳል። ስለዚህ መጠኑን ቢያስተካክል ክብደቱ ይዛነፋል፤ ክብደቱን ቢያስተካክል መጠኑ ይዛነፋል። ሁለቱን ቀላቅሎ ክብደቱን ቢያገኝ እንኳ ድምፁ ያጋልጠዋል። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የተፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጠርዙ ፊደል የደበዘዘ ነው፤ የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ መሥመርም ይታይበታል።

ጌታችን በምድር በተመላለሰበት ዘመንም ይኸው ችግር ነበር። አታላዮች የመዳብን እምብርት በስስ ብር ለብጠው የሮም ዲናር ያስመስሉ ነበር። ስለዚህ በሮም «ኑሙላሪ» የሚባሉ ገንዘብ ፈታኞች ነበሩ። የተፈተነው ገንዘብ ያለበት ከረጢት ከአጥንት ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠራች ትንሽ ምልክት ይንጠለጠልበታል፤ ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተገኝተዋል። በላይዋ የፈታኙ ስምና ቀኑ ተጽፎ «ተመልክቶታል» የሚል ቃል ይከተላል። ፈታኙ በስሙ ይጠየቅበታል ማለት ነው። የጥንት ቤተ ክርስቲያን መምህራን የእስክንድርያው ቀሌምንጦስና ኦሪጀን፣ አማኞች እንደ ሠለጠነ ገንዘብ ለዋጭ እንዲሆኑ የሚመክር አባባል የጠቀሱት እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ነው። ከእነርሱ አስቀድሞ ነቢዩ ኤርምያስ በሕዝቡ መካከል ፈታኝ ሆኖ ቆሞ፣ እሳት ገብቶ እንኳ ያልጠራውን ሕዝብ በተጣለ ብር መስሎታል (ኤር. 6፥27-30)።

በጎውን ብር የመጣል ስሕተት

እስከዚህ ድረስ የአባቶቻችን ጥንቃቄ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። ብዙ እጅ የነካት ብር ሉሎቿ ይደበዝዛሉ፣ ፈርጧም ይፈግጋል። ገበያተኛው እንዲህ ያለችውን፣ ብሯ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ምልክቷ ስለ ጠፋ ብቻ ይመልሳት ነበር። ከዚህ የሚብስም ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ የራሳቸውን ብር አስመቱ፤ ገንዘቡ 1887 ዓ.ም. የሚል የግእዝ ቁጥርና የአንበሳ ምስል ነበረበት። በክብደትም በብር መጠንም ከማርትሬዛ አያንስም። ሆኖም በገጠር ብዙ ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ መልክ ይልቅ የለመደውን የባዕዷን ንግሥት መልክ መረጠ። የገዛ አገሩ እውነተኛ ብር በእጁ ሳለ እንግዳ ነገር መሰለው።

ጳውሎስ በተሰሎንቄ መልእክቱ ይህን አደጋ አልዘነጋም። ፈትኑ ከማለቱ በፊት መንፈስን እንዳናጠፋና ትንቢትን እንዳንንቅ አስጠንቅቋል። ሐሰተኛውን መቀበል ጥፋት እንደ ሆነ ሁሉ እውነተኛውን መጣልም ጥፋት ነው። ኮት የሌለው፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ያረጀበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መስበክ የማይችል አንድ የገጠር ወንጌላዊ ሲመጣ ስንቶቻችን ጊዜ እንሰጠዋለን? ብሩ ጥሩ ነው፤ ሉሉ ግን ደብዝዟል።

እውነተኛ ብር፣ ክፉ ዓላማ

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ የከበደ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. የማርትሬዛን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም ከተማ ብሩን ማስመታት ጀመረ። ሕዝባችን ወረቀት እንደማያምንና ጠገራ እንደሚያምን ያውቅ ነበር። ያ በሮም የተመታ ብር ሐሰተኛ አልነበረም። ሉሎቹ የተሟሉ፣ ድምፁ የጠራ፣ ክብደቱ ትክክል ነበር። የባላገሩን ፈተና ሁሉ ያልፋል። ግን ከታሰበለት ሥራ አንዱ ሰውን ከወገኑ መለየትና የመኳንንትን ልብ መግዛት ነበር።

ከዚያ በኋላ በ1941 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጃንሆይ በጎጃም በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከአርበኞች ጋር የተባበረው ጦርም በግመልና በበቅሎ ጠገራ ብር ጭኖ ነበር። ያው መልክ፣ ያው ክብደት ነው። አንዱ ለባርነት ወጣ፤ ሌላው ለነጻነት። ልዩነቱን ሚዛን አይነግረንም። የዘረጋውን እጅና የሚገዛውን ነገር ማየት ያስፈልጋል።

ይሁዳ የተቀበለው ሠላሳ ብርም ሐሰተኛ ነበር ተብሎ አልተጻፈም። የካህናት አለቆች ወደ መቅደሱ ሣጥን እንዳይገባ የከለከሉት የደም ዋጋ ስለ ሆነ ነው (ማቴ. 27፥6)። ሙሴም አንድ ነቢይ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ሕዝቡን ወደ ሌሎች አማልክት የሚወስድ ከሆነ እንዳይሰሙት አዝዟል (ዘዳ. 13፥1-3)። ልብ በሉ! ምልክቱ ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ የተፈጸመ ምልክት ብቻውን ነቢዩን እውነተኛ አያደርገውም።

ለዛሬ ሕይወታችን

ወገኖች ሆይ፣ ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። በስልካችን ላይ በየቀኑ የሚያስተምረን ድምፅ ብዙ ነው። አንዳንዱ የቤት ኪራይ ያጣችን እናት ይህን ያህል ብትልኪ የልጅሽ ቪዛ ይወጣል ይላታል። እርሷም የስሟን ፊደልና የሰፈሯን ምልክት ስለ ነገራት ብቻ አምና ትልካለች። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ከምን ተሠራ? ትምህርቱ በውስጡ የእግዚአብሔር ቃል ነው ወይስ በጥቅስ የተለበጠ መዳብ? ለዚህ እውነተኛውን ማወቅ ግድ ነው። ባላገሩ ሐሰተኛውን የለየው እውነተኛውን ብዙ ጊዜ በእጁ ስለ ያዘ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን በየቀኑ የማይከፍት ሰው በምን ይለያል?

ሁለተኛ፣ ሲወድቅ ምን ድምፅ ይሰጣል? አገልጋይ ሲመሰገን ሳይሆን ሲነቀፍ፣ ሲያገኝ ሳይሆን ሲያጣ ድምፁ ይሰማል። ለማናውቀው እንግዳ አገልጋይ መድረክ ከመስጠታችን በፊት ከመጣበት አጥቢያ የምስክር ደብዳቤ መጠየቅም ነውር አይደለም። በስሙ የሚጠየቅበት «ተመልክቶታል» ባይ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ምን ይገዛል? ልባችንን ወደ ክርስቶስ ያቀርባል ወይስ ለሰውየው ያስገዛናል?

በመጨረሻ ፈተናው ወደ ራሳችን ይመለሳል። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ራሳቸውን እንዲፈትኑ ሲነግራቸው ያንኑ የገንዘብ ፈታኞች ቃል ተጠቅሟል (2ኛ ቆሮ. 13፥5)። ጌታችንም ዲናሩን አሳዩኝ ብሎ የማን መልክ እንዳለበት ጠየቀ፤ የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር እንድንሰጥም አዘዘ (ማቴ. 22፥19-21)። እኛ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠርን ነን (ዘፍ. 1፥27)። ኃጢአት መልኩን አደብዝዞት ይሆናል፤ ብዙ እጅ አሻሽቶን፣ ብዙ ገበያ መልሶን ይሆናል። ይህን የምታነብ ገና ጌታን ያልተቀበልክ ወዳጃችን፣ ይህን የምታነቢ በሕይወት የደከምሽ እኅታችን፣ ሰው የመለሰውን ብር ጌታ አይጥልም። መልኩን የሚያድስ እርሱ ራሱ ነው።

አባታችን ሆይ፣ እውነተኛውን የሚያውቅ ዐይን፣ የምንሰማውን የሚለይ ጆሮ፣ የደከመውን የማይንቅ ልብ ስጠን። እኛንም ፈትነህ አጥራን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።