ከጋፋት ሠረገላ እስከ ላንድክሩዘር፦ ለደጋው አገር ተሽከርካሪን ስለ መምረጥ

ተሽከርካሪ ከሚሄድበት መንገድና ከሚጠግነው እጅ ተነጥሎ አይመዘንም። ይህ አነጋገር ዛሬ በግዥ ኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢሰማ ሁሉም የሚያውቀው ተራ ነገር ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ያለው ታሪክ ሲመረመር፣ ይህ ተራ የሚመስል ነገር ከመቶ ኃምሳ ዓመታት በላይ ደጋግሞ በከባድ ዋጋ የተገኘ ትምህርት መሆኑ ይታያል።

በቅድሚያ አገሩን መመልከት ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ከ1800 ሜትር ብዙ የማያልፈው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳርቻ ተንጣሎ ይታያል፤ በሌላው ወገን ከ4100 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ይቆማል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ከተማይቱ የሚወጣ መኪና በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ወደ ነፋስ መውጫ ሲቀጥል ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ይደርሳል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ በባሕር ዳርቻ መቶ የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ደብረ ታቦር ላይ ሲደርስ ሩቡን ገደማ ጥሎ መጥቷል ማለት ነው። በክረምት በሜዳው የሚገኘው የዋልካ መሬት ጎማውን ጠቅልሎ ይይዛል፤ በደጋው በኩል ደግሞ ዳገቱ፣ ጠመዝማዛውና ኮረቱ ፍሬንና ባሌስትራ ይፈትናሉ። ከፋብሪካ የሚወጣ መግለጫ ግን ይህን ሁሉ አይናገርም።

በዚህ አገር ላይ ከባድ ጭነትን በመንኮራኩር ለማንቀሳቀስ በታላቅ ደረጃ የሞከሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የዘመኑን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው ለማስገባት የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ ቀረ። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1866 ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ ከመጡ በኋላ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በቅድሚያ እስረኞቹ ካልተፈቱ አይሄዱም በማለቱ ከወደብ ሳያልፉ ተመለሱ። በዛሬው የንግድ ቋንቋ ቢነገር፣ ዕቃው ታዝዞ ወደብ ደርሶ ለባለቤቱ ሳይሰጥ ቀረ ማለት ነው። በእርግጥ ጉዳዩ የመንግሥታት ጠብ እንጂ የንግድ ውል አልነበረም፤ ነገር ግን በሩቅ አቅራቢ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሥራ በሌላ ሰው ፈቃድ እንደሚቆም ያሳያል።

የቀረው አማራጭ በቅርብ የነበረው የጋፋት ሠፈር ነበር። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው በዚህ ስፍራ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሞሪትዝ ሆልን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው ይሠሩ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለስብከት እንጂ መድፍ ለማቅለጥ የመጡ አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከከሸፈ በኋላ እየተማሩ ቀጠሉ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል ተብሎ የተሰየመውንና ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን መድፍ አወጡ። መድፉን የሚሸከመው ሠረገላም እዚያው ተሠራ።

ነገር ግን 7 ቶን የሚሸከም ሠረገላ ተሠራ ማለት ሄደ ማለት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም ወር መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ሠረገላው የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ አልነበረም። መንገዱ በየዕለቱ ከፊት ከፊት ይቆፈር፣ ቋጥኙ ይሰበር፣ ገደሉ ይደለደል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መድፉን የጎተቱት ብዙ መቶ ሰዎች ናቸው። በጋይንትና በዋድላ በኩል አልፎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆዎች ወርዶና ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ ከአምስት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ነው። የጋፋት ባለሙያዎችም አብረው ተጉዘዋል። ስለዚህ ሠረገላው ሠሪውን፣ ጠጋኙንና መንገድ ጠራጊውን ይዞ የሄደ ተሽከርካሪ ነበር ማለት ይቻላል። ያለዚህ አንድ ቀን እንኳ ባልተጓዘም ነበር።

ከሌላው ወገን የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ነበር የፈታው። በዙላ የባሕር ዳርቻ ላይ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ወደ ደጋው ሲወጣ ግን መንኮራኩሩን ትቶ ጭነቱን ከፋፍሎ በበቅሎና በግመል ጫነ፤ ከባድ መድፎቹን በ44 ዝሆኖች አስጓዘ። በአጭሩ ጭነቱን ከአገሩ ጋር አስማማ እንጂ አገሩን ለጭነቱ አልቀየረም። ሆኖም ይኸው ጦር ጅጣ ሸለቆ ሲደርስ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያስጠረጉትን መንገድ ተጠቅሞ ወረደ። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ጦርነት ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም መቅደላ ወደቀች። ያ ሁሉ ሰው የጎተተው ሴባስቶፖል የውጊያውን ዕድል ሳይለውጥ ቀርቶ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ከሁሉ የጠቀመው ሥራ መንገዱ ሆነ፤ የጠቀመውም ጠላትን ነው።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ሲገባም ይኸው ሕግ አልተለወጠም። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲደሌይ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ ሲያመጣ፣ መካኒኩን ይዞ ነበር የተጓዘው። በጊዜው ከአዲስ አበባ እስከ ባሕሩ ድረስ ጋራዥ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ መኪና ያለ መካኒክ መላክ ብረት መላክ ብቻ በሆነ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተበላሹትን መንገዶች የመጠገኑ ሥራ ሥርዓት የያዘው፣ በዓለም ባንክ ብድር ድጋፍ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ነው። በዚያው ዘመን ለአስቸጋሪ አገር የተሠሩ ቀላል መኪናዎች በዓለም ገበያ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ላንድሮቨር፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ይሰጥ ስለነበረ አካሉ በአሉሚኒየም ተሠራ፤ በመሆኑም ለዝገት የማይበገርና በቀላል መሣሪያ የሚፈታ ሆነ። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራውን መኪና በፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አውጥቶ አሳየ፤ ከ1954 ጀምሮም ላንድክሩዘር ብሎ ሰየመው። ሁለቱም በጠንካራ ሻንሲ ላይ የቆሙ፣ አራቱም ጎማዎቻቸው የሚነዱና ለዳገት ዝቅተኛ ማርሽ ያላቸው ነበሩ። በመካኒክ ዓይን ሲታዩ የሁለቱ ልዩነት የሚባለውን ያህል ሰፊ አልነበረም።

ታዲያ በጊዜ ብዛት በአገራችን ገጠር አንዱ እየበዛ ሌላው እየቀነሰ የሄደው ለምንድን ነው? የሞተሩ ጽናት አንድ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የተገጠመው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ተርቦ ስለሌለው በጉና ዳገት ላይ ይደክማል፤ ነገር ግን ንጽሕናው ያልተጠበቀ ነዳጅ ይችላል፤ አሠራሩም ለገጠር መካኒክ ስውር አይደለም። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ከጀርባው የቆመው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ሞኤንኮ ለረጅም ዘመን የቶዮታ ወኪል ሆኖ ሲሠራ መለዋወጫውና ጋራዡ አብረው ቆዩ። ፊያት 682፣ ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው የጭነት መኪናም በሾፌሮች ዘንድ ስሙ የጸናው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ዕቃው በየገበያው ይገኛል፤ የሚፈታውና የሚገጥመው እጅም በየከተማው አለ። በአንጻሩ ከልዩ ልዩ አገር በእርዳታ የመጡ፣ ዓይነታቸው የበዛ መኪናዎች በየግቢው ተደርድረው ለሌላው መለዋወጫ ሲሆኑ ያልታዘበ የሥራ ባልደረባ አይገኝም።

ወረታን ከደብረ ታቦርና ከወልድያ ጋር ያገናኘው፣ በቻይና እርዳታ የተሠራውና በኋላም አስፋልት የለበሰው መንገድ የአካባቢውን ኑሮ ለውጦታል። ሆኖም ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገነጠሉት መንገዶች በክረምት የጥንቱን ጥያቄ ያነሣሉ። ምጥ የያዛት እናት ከጉና ጥግ ወደ ሆስፒታል የምትወርደው በዚሁ መንገድ ነው፤ መኪናው ለአንድ የፍሪሲዮን ሸራ ሦስት ወር ከቆመ የጨረታው ርካሽነት ለእርሷ ምንም አይደለም።

ስለዚህ የግዥ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ስለ ሻጩ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ መኪናው ከሚጠይቀው አያንስም። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች በመጋዘኑ አሉን? መጋዘኑስ በዓይን ታይቷልን? ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ቢያንስ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር፣ ሥራውን የሚያውቅ ጋራዥ አለውን? የመሥሪያ ቤቱን መካኒኮች ያሠለጥናልን? የጥገና መጽሐፉን ያስረክባልን? የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከጉምሩክ ወረቀቱ ጋር አንድ ነውን? ከአምስት ዓመት በፊት የሸጣቸው መኪናዎች ዛሬ የት ናቸው፣ ስንቱስ ይንቀሳቀሳሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ መልሱ በሻጩ ቢሮ ሳይሆን በገዢዎች ግቢ ይገኛልና። የመኪናው ዋጋም በተገዛበት ቀን ብቻ ሳይሆን ነዳጁ፣ ጎማው፣ መለዋወጫውና ቆሞ የሚውልበት ቀን ተደምሮ መታየት አለበት።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሠሪዎቹን፣ ጠጋኞቹንና መንገዱን ከሠረገላው ጋር ይዘው የተጓዙት ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። የዛሬው መሐንዲስ ግን ምርጫ አለው፤ ምርጫውም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ባለው ጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልቃል።